ኳድራቲክ እኩልታን በፋክተር መፍታት፦ ተማሪን ደረጃ በደረጃ ማስጠናት

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን እኩልታ ስትፈታ እመለከታት ነበር፦

(ቀ − 3)(ቀ − 2) = 12

ምንም ሳታመነታ ከሥሩ «ቀ − 3 = 12 ወይም ቀ − 2 = 12» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላም 15 እና 14 የሚሉ ሁለት መልሶች አውጥታ በማስመሪያ አሰመረችባቸው። 15ን ወደ እኩልታው መልሳ እንድታስገባ ጠየቅኋት። 12 ሲባዛ በ13፣ 156 ሆነባት። እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ቁጥሩን ለጥቂት ጊዜ ካየች በኋላ «ቲቸር፣ ዜሮ ሲሆን እንደዚህ አይደል እንዴ የምናደርገው? 12 ሲሆን ለምን አይሠራም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የዚህ ትምህርት ዋና ጥያቄ ነው። ልጅቷ ፋክተር ማድረግ፣ ማለትም ተባዝቶ የተዘረዘረውን መልሶ የቅንፎች ብዜት አድርጎ መጻፍ፣ ታውቃለች፤ በክፍል ውስጥ የተሰጧትን አሥር ጥያቄዎች በትክክል ሠርታ ነበር። ያልተነገራት ነገር ቢኖር እኩልታው በአንድ በኩል ዜሮ እንዲሆን የሚደረገው ለምን እንደሆነ ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ በዚህ ርዕስ ላይ የሚቸገሩ ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አንደኞቹ ማባዛቱን በደንብ ሳይለማመዱ ወደ ኋላ መመለስ የተጀመረባቸው፣ ሁለተኞቹ ደግሞ እንደዚህች ልጅ አሠራሩን ይዘው ምክንያቱን ያልያዙ። ይህ ጽሑፍ ማታ ማታ ልጁን ወይም ታናሹን ለሚያስጠና ሰው፣ ለአስጠኚ፣ እንዲሁም ማስተማር በቅርቡ ለጀመረ መምህር የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ችግሮች በቅደም ተከተል እንዴት ማቃለል እንደሚቻል ያሳያል። ተማሪው በደብተሩ ላይ የሚጽፈው ፊደል ኤክስ ነው፤ እኔ ግን እዚህ በ«ቀ» ተክቼዋለሁ፤ «ቀ²» የሚለውም ክፍል ውስጥ «ኤክስ ስኩዌር» የሚባለው፣ ማለትም ቀ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ኳድራቲክ የሚባለውም እንዲህ ቀ² ያለበት እኩልታ ነው።

ከማባዛት መጀመር

ተማሪው ኳድራቲክ ላይ ተሰናከለ ሲባል ብዙውን ጊዜ የተሰናከለው ከዚያ ቀደም ባለ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ከመክፈትዎ በፊት ባዶ ወረቀት ይስጡትና ብዜታቸው 24 የሚሆኑ ድፍን ቁጥሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ምንም ሳያስቀር እንዲጽፍ ይጠይቁት። 1 እና 24፣ 2 እና 12፣ 3 እና 8፣ 4 እና 6 ብሎ ካቆመ «ሌላ የለም?» ይበሉት። ሁለት ኔጋቲቭ ቁጥሮች ሲባዙ ፖዘቲቭ እንደሚሆኑ አስታውሶ −4 እና −6ን፣ ከዚያም ሌሎቹን ሦስቱን ከጨመረ መሠረቱ ደህና ነው። ቀጥሎ ብዜታቸው −24 የሚሆኑትን እንዲጽፍ ያድርጉ። በዚህ ሥራ ላይ አሥር ደቂቃ የሚፈጅበት ተማሪ ፋክተር ማድረግ ሲጀምር ድካሙ ሁሉ በማባዣ ሰንጠረዡ ላይ ያልቃል፤ ስለ እኩልታው ለማሰብ የሚተርፈው ጉልበት አይኖርም። እንዲህ ያለውን ተማሪ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ሁለት ሦስት ቁጥሮችን እየሰጡ ጥንዶቻቸውን ማስጻፍ ጊዜ ማባከን መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ማባዛት ይመጣል። ሹሩባ መጎንጎን የምታውቅ ሴት ከየት ጀምራ እንደምትፈታው አይጠፋትም፤ ፋክተር ማድረግም የተባዛን ነገር ወደ ኋላ መፍታት ስለሆነ፣ ሲባዛ ምን እንደሚከሰት ደጋግሞ ያየ ተማሪ መፍታቱ አይከብደውም። ለዚህ የሚረዳው አራት ክፍል ያለው ሣጥን መሳል ነው። (ቀ + 3)(ቀ + 4)ን ለማባዛት አንድ አራት ማዕዘን ይሳሉና በርዝመቱ በኩል «ቀ» እና «4» ብለው፣ በወርዱ በኩል ደግሞ «ቀ» እና «3» ብለው ይክፈሉት። ሰው ስለ ቦታ ሲያወራ «200 ካሬ» እንደሚለው ሁሉ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት ርዝመቱ በወርዱ ተባዝቶ ይገኛል፤ አራቱ ክፍሎች ቀ²፣ 4ቀ፣ 3ቀ እና 12 ይሆናሉ። ሲደመሩ፦

ቀ² + 7ቀ + 12

ተማሪው እንዲህ ያሉ ስምንት ወይም አሥር ብዜቶችን በሣጥን ይሥራ፤ ኔጋቲቭ ያለባቸውም ይካተቱ። መልሶቹን ከላይ ወደ ታች በአንድ ረድፍ ያስጽፉትና ከዚያ በኋላ ብቻ «3 እና 4 የት ገቡ?» ብለው ይጠይቁት። ድምራቸው መካከል ላይ፣ ብዜታቸው መጨረሻ ላይ እንደተቀመጠ ራሱ እስኪያየው ድረስ አይንገሩት። ሕጉን እርስዎ ቀድመው ከነገሩት ከሳምንት በኋላ ድምሩንና ብዜቱን ያምታታቸዋል፤ ራሱ ያገኘው እንደሆነ ግን ሲጠራጠር ሣጥኑን ስሎ መልሶ ያገኘዋል። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

ወደ ኋላ መመለስ

አሁን ቀ² + 11ቀ + 24ን ይስጡት። የሚፈለጉት ድምራቸው 11፣ ብዜታቸው 24 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ብዙ ተማሪ ከድምሩ ይጀምራል፦ 5 እና 6፣ 4 እና 7፣ 10 እና 1 እያለ ይሞክራል። ከብዜቱ እንዲጀምር ያድርጉ፤ ምክንያቱንም ያስረዱት። ድምራቸው 11 የሚሆኑ ድፍን ቁጥሮች ኔጋቲቮቹ ሲጨመሩ ማለቂያ የላቸውም፤ ብዜታቸው 24 የሚሆኑት ግን ቀደም ሲል በወረቀት ላይ ያሰፈራቸው ስምንት ጥንዶች ብቻ ናቸው። ከስምንቱ ውስጥ ድምሩ 11 የሚሆነውን መምረጥ ግምት አይደለም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ይገኛል፣ ከሌለም አለመኖሩ በእርግጠኝነት ይታወቃል። 3 እና 8 ተገኙ፤ መልሱ (ቀ + 3)(ቀ + 8) ነው።

በምልክቶች ላይ የሚሰጡ ሕጎች አራት ወይም አምስት ሆነው ሲሸመደዱ አይቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ የመጨረሻው ቁጥር ምልክቱ ምንድን ነው? ፖዘቲቭ ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ምልክት አላቸው፤ ሁለቱም የመካከለኛውን ምልክት ይይዛሉ። ኔጋቲቭ ከሆነ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጋቲቭ ነው፤ ምልክቱን ወደ ጎን ትተን ስናያቸው የሚበልጠው የመካከለኛውን ምልክት ይወስዳል። ተማሪው ይህን በሚከተሉት አራት ጥያቄዎች ጎን ለጎን እንዲያየው ማድረግ ከማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል፦

ቀ² + 7ቀ + 12 = (ቀ + 3)(ቀ + 4)
ቀ² − 7ቀ + 12 = (ቀ − 3)(ቀ − 4)
ቀ² + ቀ − 12 = (ቀ + 4)(ቀ − 3)
ቀ² − ቀ − 12 = (ቀ − 4)(ቀ + 3)

በቁጥር አንድ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ የሚለያዩት በምልክት ብቻ ነው። እያንዳንዱን መልሶ በሣጥን እንዲያባዛና እንዲያረጋግጥ ያድርጉ። የማረጋገጥ ልማድ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ካልተተከለ ኋላ ለማስያዝ ያስቸግራል።

ከማንኛውም ነገር በፊት ደግሞ የጋራ አካፋይ መፈለግ አለበት። 3ቀ² − 12ቀ የሚለውን ሲያይ 3ቀ ሁለቱንም እንደሚያካፍል አስተውሎ 3ቀ(ቀ − 4) ብሎ ይጻፍ። ይህ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ቀ² − 49 መካከለኛ ያጣ የሚመስላቸው ተማሪዎች አሉ፤ መካከል ላይ 0ቀ እንዳለ ይንገሩት፤ ድምራቸው ዜሮ፣ ብዜታቸው −49 የሆኑ ቁጥሮችን ሲፈልግ 7 እና −7ን ራሱ ያገኛል፤ የተለየ ቀመር መሸምደድም አያስፈልገውም።

ዜሮ ለምን ተመረጠ

እስካሁን የተሠራው እኩልታ መፍታት አልነበረም። «ፋክተር አድርግ» እና «ፍታ» የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ የመጀመሪያው «ፋክተራይዝ»፣ ሁለተኛው «ሶልቭ» በሚሉ ቃላት እየመጣ ተማሪውን ያደናግረዋል። የእኩል ምልክት ከሌለ የሚፈታ ነገር የለም፤ መልሱ ቅንፎቹ ራሳቸው ናቸው። የእኩል ምልክት ካለ ግን መልሱ ቁጥር ነው። ቃላቱን በአማርኛ እያስረዱ በእንግሊዝኛ እንዲጽፋቸው ማድረግ ጠቃሚ ነው፤ ሒሳቡ ገብቶት ሳለ የጥያቄው ትእዛዝ ሳይገባው ነጥብ የሚያጣ ልጅ ብዙ ነው።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። መጽሐፉን ዘግተን እንዲህ አልኳት፦ «ሁለት ቁጥሮች ይዣለሁ፤ ሳባዛቸው 12 ይሆናሉ። ምን ምን ናቸው?» «3 እና 4» አለች። «አይደሉም» አልኳት። «2 እና 6?» አሁንም አይደሉም አልኳት። −1 እና −12ን ሞከረች፤ ከዚያ በኋላ ግማሽና 24ም ሊሆኑ እንደሚችሉ ትዝ ሲላት «እንዲህ ከሆነማ አያልቅም» ብላ ተወችው። «እንግዲያው ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ይዣለሁ፤ ሳባዛቸው ዜሮ ይሆናሉ» አልኳት። ወዲያው «አንዱ ዜሮ ነው» አለች፤ ጥቂት ቆይታም «ወይም ሁለቱም» ብላ ጨመረች።

ሙሉው ምክንያት ይኸው ነው። ብዜቱ 12 መሆኑን ማወቅ ስለ እያንዳንዱ ቁጥር የሚነግረን ነገር የለም፤ ብዜቱ ዜሮ መሆኑን ማወቅ ግን ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ዜሮ መሆኑን በእርግጠኝነት ያሳየናል። ይህን ጠባይ ከቁጥሮች ሁሉ ያለው ዜሮ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ከባድ እኩልታን ወደ ሁለት ቀላል እኩልታዎች መክፈል የምንችለው በአንድ በኩል ዜሮ ሲኖር ብቻ ነው። ለተማሪው ይህ ግልጽ ካልሆነለት ሊወቀስ አይገባም። በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የሠራውና «አልጀብራ» የሚለው ስም ከሥራው የተወሰደው አልኸዋሪዝሚ እንዲህ ያሉ እኩልታዎችን ካሬ እየሳለ ሲፈታ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥቶ ከዜሮ ጋር አላስተካከለም፤ ታዋቂ ምሳሌው ቀ² + 10ቀ = 39 የሚል ነበር። እኩልታን የቅንፎች ብዜት አድርጎ ከዜሮ ጋር ማስተካከል በአውሮፓ በኅትመት የታየው እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1631 በታተመው ሥራው ነው። በሁለቱ መካከል 800 ዓመት ገደማ አለ።

ልጅቷ ያንኑ እኩልታ እንደገና ሠራችው። ቅንፎቹን አባዝታ 12ን ወደ ግራ አመጣች፦

ቀ² − 5ቀ + 6 − 12 = 0
ቀ² − 5ቀ − 6 = 0
(ቀ − 6)(ቀ + 1) = 0
ቀ − 6 = 0 ወይም ቀ + 1 = 0
ቀ = 6 ወይም ቀ = −1

6ን ስታስገባ 3 ሲባዛ በ4፣ −1ን ስታስገባ −4 ሲባዛ በ−3፤ ሁለቱም 12 ሆኑላት።

አራተኛው መስመር እንዳይዘለል አጥብቀው ይከታተሉ። ተማሪዎች ከቅንፉ ላይ በቀጥታ ቁጥሩን እያነሱ (ቀ + 3)(ቀ + 4) = 0 ለሚለው «3 እና 4» ብለው ይመልሳሉ። የሚያድነው «ምልክቱን ገልብጥ» የሚል ምክር ሳይሆን፣ «ቀ + 3 = 0» ብሎ መጻፍና ቀ ስንት ቢሆን ዜሮ እንደሚመጣ መጠየቅ ነው። የግልበጣው ምክር 2ቀ + 1 = 0 ሲመጣ መልሱ −1 ነው ያሰኛል፤ ትክክለኛው ግን −1/2 ነው። «ወይም» የሚለውንም ቃል ያስጽፉት፤ ቀ በአንድ ጊዜ 6ም −1ም አይደለም።

ዜሮ የሚያስከትለው ሌላ ስሕተት አለ፤ እሱም በጎበዝ ተማሪዎች ላይ የሚታይ ነው። ቀ² = 5ቀ ሲሰጣቸው ሁለቱንም ወገን ለቀ ያካፍሉና ቀ = 5 ብለው ያቆማሉ። አንድ መልስ ጠፋ። ቀ ዜሮ ሊሆን ስለሚችል ለእሱ ማካፈል አልተፈቀደም። ወደ አንድ ወገን ሲመጣ ቀ² − 5ቀ = 0፣ ከዚያ ቀ(ቀ − 5) = 0 ይሆናል፤ መልሶቹም 0 እና 5 ናቸው። ተማሪው 0ን በመጀመሪያው እኩልታ ውስጥ አስገብቶ እንደሚሠራ ሲያይ የሚደነቅበት ጊዜ ስለሆነ ማብራሪያውን አያስረዝሙት። በተቃራኒው ቀ² − 10ቀ + 25 = 0 ሁለት ቅንፍ ቢኖረውም ሁለቱም (ቀ − 5) ስለሆኑ መልሱ 5 ብቻ ነው፤ «ሁለተኛውን አላገኘሁትም» ብሎ የሚጨነቅ ተማሪ ስላለ ቀድመው ያሳዩት።

ከቀ² ፊት ቁጥር ሲኖር

2ቀ² + 7ቀ + 3 = 0 ሲመጣ እስካሁን የነበረው መንገድ ጥቂት ይለወጣል። የፊተኛውንና የመጨረሻውን ቁጥር እናባዛለን፦ 2 ሲባዛ በ3፣ 6። ብዜታቸው 6፣ ድምራቸው 7 የሆኑት 6 እና 1 ናቸው፤ በእነሱ መካከለኛውን 7ቀ ለሁለት እንከፍላለን፦

2ቀ² + 6ቀ + ቀ + 3 = 0
2ቀ(ቀ + 3) + 1(ቀ + 3) = 0
(ቀ + 3)(2ቀ + 1) = 0

መልሶቹ −3 እና −1/2 ናቸው። «2ን እና 3ን ለምን አባዛን?» የሚል ተማሪ ካጋጠመዎት ሣጥኑን ይሳሉለት፤ በአንዱ ሰያፍ ያሉት ሁለት ክፍሎች 2ቀ² እና 3፣ በሌላው ሰያፍ ያሉት 6ቀ እና ቀ ሲሆኑ የሁለቱም ሰያፎች ብዜት 6ቀ² እንደሆነ ራሱ ያያል። በማናቸውም እንዲህ ባለ ሣጥን ውስጥ ይህ እኩልነት ይጠበቃል።

እዚህ ላይ በቅርብ መታየት የሚገባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ከላይ በሁለተኛው መስመር የጻፍኩት «1» ነው። ተማሪው ቀ + 3 የሚለው የሚያወጣው ነገር ስለሌለው እንዲያው ይተወዋል፤ በመጨረሻም ሁለተኛውን ቅንፍ (2ቀ) ብቻ አድርጎ ይጽፈዋል። 1ን በግልጽ ማስጻፍ ይህን ይከላከላል። ሁለተኛው የኔጋቲቭ ምልክት ከቅንፍ ሲወጣ የሚደርሰው ነው፦

3ቀ² − 10ቀ + 8 = 0
3ቀ² − 6ቀ − 4ቀ + 8 = 0
3ቀ(ቀ − 2) − 4(ቀ − 2) = 0
(ቀ − 2)(3ቀ − 4) = 0

−4 ሲወጣ +8 በውስጡ −2 ይሆናል፤ −4 በ−2 ተባዝቶ 8 ስለሚመጣ ነው። ብዙዎች +2 ይጽፋሉ፤ ሁለቱ ቅንፎች አልመሳሰል ሲሏቸውም ጥያቄው የተሳሳተ ይመስላቸዋል። ቅንፎቹ ካልተመሳሰሉ መጀመሪያ የሚመረመረው ምልክቱ መሆኑን ያስለምዱት። መልሶቹ 2 እና 4/3 ናቸው። ክፍልፋይ ሲመጣ «ተሳስቻለሁ» ብሎ የሚሰርዝ ተማሪ ስላለ፣ 4/3ን አስገብቶ ዜሮ መምጣቱን ሳያረጋግጥ እንዳይሰርዝ ይንገሩት።

ጥንዱ አልገኝ ሲል

ቀ² − 20ቀ + 96 = 0ን የመሰለ ጥያቄ ሲመጣ የ96ን ጥንዶች ሁሉ መዘርዘር ይሰለቻል። ከዚህ የሚያድን ጥንታዊ መንገድ አለ፤ የባቢሎን ሰዎች ድምርና ብዜት ተሰጥቷቸው ሁለት ቁጥሮችን ለማግኘት በሸክላ ጽላቶቻቸው ላይ ሲጠቀሙበት የነበረ ሲሆን፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፖ ሼን ሎ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ አቀራረብ ለመምህራን አስተዋውቀዋል። ድምራቸው 20 ከሆነ አማካያቸው 10 ነው፤ ስለዚህ አንዱ ከ10 በሆነ መጠን ሲያንስ ሌላው በዚያው መጠን ይበልጣል። ያንን መጠን «መ» እንበለው፦

(10 − መ)(10 + መ) = 96
100 − መ² = 96
መ² = 4

መ 2 ነው፤ ቁጥሮቹም 8 እና 12 ናቸው። ስለዚህ (ቀ − 8)(ቀ − 12) = 0፤ መልሶቹም 8 እና 12 ናቸው። መገመት አልነበረበትም።

ይህን መንገድ የምወድበት ሌላ ምክንያት አለኝ፤ ፋክተር ማድረግ የማይሠራበትን ቦታ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ቀ² − 6ቀ + 7 = 0 ላይ አማካዩ 3፣ መ² ደግሞ 9 − 7 = 2 ይሆናል። ዳግም ርቢው 2 የሆነ፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጥ ድፍን ቁጥር ስለሌለ፣ ተማሪው ጥንድ ሲፈልግ ቢያመሽ አያገኝም፤ መልሱ ያለው በዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) ነው፤ ለዚህም ካሬ ማሟላት ወይም የኳድራቲክ ቀመር የሚባሉት ሌሎች መንገዶች ይጠቅማሉ። ቀ² + 2ቀ + 5 = 0 ላይ ደግሞ መ² −4 ስለሚሆን በተማሪው እጅ ካሉት ቁጥሮች ውስጥ መልስ የለውም። ከቀ² ፊት ቁጥር ላለበት እኩልታ፣ ማለትም ሀቀ² + ለቀ + ሐ = 0 ለሚለው (ሀ፣ ለ እና ሐ ድፍን ቁጥሮች ናቸው)፣ ፋክተር መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ለ² − 4ሀሐን አስልቶ ውጤቱ የአንድ ድፍን ቁጥር ዳግም ርቢ መሆኑን ማየት ነው። በ6ቀ² − 7ቀ − 3 = 0 ላይ 49 + 72 = 121 ይመጣል፤ 121 የ11 ዳግም ርቢ ስለሆነ ፋክተር ይሆናል፤ (2ቀ − 3)(3ቀ + 1) = 0፣ መልሶቹም 3/2 እና −1/3። የመማሪያ መጻሕፍት ፋክተር ማድረግን በሚያስተምሩበት ምዕራፍ ውስጥ ጥያቄው ሁሉ እንዲሠራ ሆኖ የተመረጠ በመሆኑ፣ ተማሪው እኩልታ ሁሉ እንዲህ ይመስለዋል፤ አንድ ሁለት የማይሠሩ ጥያቄዎችን ቀላቅለው ቢሰጡት ያን ግምት ያስተካክልለታል።

በቃላት የተጻፈ ጥያቄና ልምምድ

የአንድ የጓሮ መሬት ርዝመት ከወርዱ በ3 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ነው፤ ወርዱ ስንት ነው? ወርዱን ቀ ብንለው ቀ(ቀ + 3) = 40 ይሆናል። እዚህ ላይ ልጁ «ቀ = 40» ብሎ ከጻፈ የዜሮው ትምህርት ገና አልሰረጸምና ወደ ኋላ ይመለሱ። ቀ² + 3ቀ − 40 = 0 ብሎ (ቀ + 8)(ቀ − 5) = 0 ላይ ከደረሰ ሁለት መልስ ያገኛል፦ −8 እና 5። −8 እኩልታውን ያሟላል፤ መሬቱን ግን አይለካም። ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 8 ሜትር ነው። ኔጋቲቩን መልስ እኩልታውን ሲፈታ ሳይሆን ወደ መሬቱ ሲመለስ እንዲጥለው ያስተምሩት፤ አለዚያ በሌሎች ጥያቄዎችም ኔጋቲቭ መልስ ሲያይ መጣል ይለምዳል።

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በምርጫ የሚመለስ ስለሆነ፣ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እያስገቡ መልሱን መፈለግን ገና ከጅምሩ የሚያስተምሩ አስጠኚዎች አሉ። ማስገባት መልስን ለማረጋገጥ ጥሩ ነው፤ የመፍቻ ዘዴ ከተደረገ ግን ጥያቄው መልሱን ሳይሆን የመልሶቹን ድምር ወይም ሌላ ነገር የጠየቀ ዕለት ተማሪው ባዶ እጁን ይቀራል።

ልምምዱን በተመለከተ፣ በአንድ ማታ ሠላሳ ጥያቄ ከማሠራት በየማታው ስድስት ማሠራት ይሻላል፤ ስድስቱም አንድ ዓይነት አይሁኑ። አንዱ የጋራ አካፋይ ያለው፣ አንዱ በቀኝ በኩል ዜሮ የሌለው፣ አንዱ ከቀ² ፊት ቁጥር ያለው፣ አንዱ በጭራሽ ፋክተር የማይሆን ይሁን። ጥያቄ ለማዘጋጀት መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልግዎትም፤ ከመልሱ ይጀምሩ። መልሶቹ −4 እና 6 እንዲሆኑ ከፈለጉ (ቀ + 4)(ቀ − 6) ብለው ያባዙ፤ ቀ² − 2ቀ − 24 = 0 ተዘጋጀ። 24ን ወደ ቀኝ ቢያሻግሩት ደግሞ ቀ² − 2ቀ = 24 የሚል ሌላ መልክ ይኖረዋል።

በሁለተኛው ሳምንት ላይ ይህንኑ ሥራ ለተማሪው ይስጡት። ሁለት መልሶች በልቡ ይምረጥ፣ እኩልታውን አዘጋጅቶ ለእርስዎ ያቅርብ፤ እርስዎም ከፊቱ ተቀምጠው እያንዳንዱን መስመር ሳይዘሉ ይፍቱ። ያቺ ልጅ ለእኔ ያዘጋጀችልኝ የመጀመሪያ እኩልታ 2ቀ² = 9ቀ የሚል ነበር፤ ለቀ አካፍዬ 0ን እጥለው እንደሆነ ለማየት እስክርቢቶዬን በዓይኗ ትከተል ነበር። ፈትተው ሲጨርሱ ቀዩን እስክርቢቶ ለተማሪው ይስጡትና አሠራርዎን እሱ ያርመው።